«ደግ ልብ ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ማኅበረሰብ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙዎች ተቀባብለውታል። የጸሐፊው ሐሳብ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ሥልጠናና ማጣሪያ ደጋጎችን ያርቃል፤ ፈቃደኛው በበዛ ቁጥር አገልግሎቱ ይሰፋል፤ በጎ ፈቃድ ወጪ የለውም፤ የተለገሰ ነገር አይመለስም፤ ችግረኛን መመዝገብና መጠየቅ ማዋረድ ነው፤ ሥራው የሚለካው በተሰጠው ሰዓት ነው። ማሰሪያቸውም ጥናቱን ትታችሁ ነገውኑ ጀምሩ የሚል ነው።

ቅንነታቸውን አንጠራጠርም። ከነጥቦቹም በአንዳንዶቹ ውስጥ እውነት አለ፤ የት ላይ እንዳለ በየቦታው እንናገራለን። ጽሑፉ ግን ከዳር እስከ ዳር የተጻፈው ከሰጪው ወገን ተቆሞ ነው። «ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት እንመጣለን» የተባለው ሰው አንድም ቦታ አይታይም። የድጋፍ አገልግሎት ማለት ለአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የተገባ ቃል ነው። ክርክራችንም ያ ቃል በምን እንደሚፈርስና በምን እንደሚጠበቅ ነው።

በሥልጠናው እንጀምር። ጸሐፊው ጥሩ ምሳሌ አምጥተዋል። ቻድ ቫራ የተባሉት የለንደን ቄስ እ.ኤ.አ. በ1953 ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የስልክ አገልግሎት ሲከፍቱ፣ ተራ ለሚጠብቁት ሻይ እያቀረቡ የሚያጫውቱ ፈቃደኞች ነበሯቸው። ከእነዚህ ፈቃደኞች ጋር ያወጉ ብዙ ሰዎች ቄሱን ማግኘት ሳያስፈልጋቸው ቀልሏቸው ይሄዱ ነበር። ታሪኩ እውነት ነው፤ ቄሱም በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለፈቃደኞቹ አስረከቡ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ኋላ ሳማሪታንስ ተብሎ የታወቀው ድርጅት ግን አዳማጮቹን መርጦ፣ አሠልጥኖና ተከታትሎ የሚያሠራ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የሙያ ማዕረግ የሌለው ሰውም ሌላውን መርዳት እንደሚችል ነው። ያለ ዝግጅት ይችላል የሚለውን ጸሐፊው ከራሳቸው ጨምረውበታል።

አንድ ነገር እንስማማ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ በጎነት ትርጉም የሚያወራ ሥልጠና በእርግጥ ሰው ያባርራል፤ ቢያባርርም አይፈረድበትም። ቤት ለቤት ለሚሄድ ፈቃደኛ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከዚያም ከነባር ፈቃደኛ ጋር የሚደረጉ ሁለት ጉብኝቶች ይበቃሉ። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ የሚነገረው በአብዛኛው የማይደረገው ነው። መድኃኒት ከማሸጊያው አውጥቶ መስጠት አይፈቀድም፤ ሰዓቱን ማስታወስ ይቻላል፤ መጠኑን መወሰን ወይም የተረሳውን እንክብል ማካካስ ግን የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። የባንክ ካርድ የምስጢር ቁጥር፣ ሰውየው ራሱ ቢለምን እንኳ፣ አይያዝም። ዕቃ የሚገዛ ፈቃደኛ ገንዘቡን በተገልጋዩ ፊት ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ደረሰኝ ያመጣል፣ መልሱን ቆጥሮ ያስረክባል፤ ሁለቱም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይፈርማሉ። ይህ ሥርዓት ተገልጋዩን ከሌባ፣ ሐቀኛውን ፈቃደኛ ደግሞ ከሐሜት ይጠብቃል። በእንዲህ ያለ ሥራ ሰው የሚጣላው በስርቆት ብቻ አይደለም፤ ተዘንግቶ የትም በተቀመጠ ገንዘብም ይጣላል።

ስለ ምስጢርም እንዲሁ። አዲስ ፈቃደኛ ከደግነቱ የተነሣ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ይምላል፤ በሦስተኛው ጉብኝት ሰውየው ቤተሰቡ እንደሚመታው ይነግረዋል፤ ፈቃደኛው በመሐላውና በሰውየው ደኅንነት መካከል ገብቶ ይጨነቃል። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ማለት ነው፦ «የነገሩኝን አላወራም፤ ግን እርስዎን ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሰማሁ ለአስተባባሪዬ መንገር አለብኝ።» የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያም የተዘጋጀው የሙያ ሰዎች ላልሆኑ ሰዎች ጭምር ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። የደረሰበትን እንዲተርክ ሰውን መገፋፋት እንደማይገባም በግልጽ ያስጠነቅቃል። ያልተዘጋጀ ደግ ሰው የሚሠራው የተለመደው ጥፋት ደግሞ ይኸው ነው፤ «አውጣው፣ ይቀልሃል» እያለ ቁስል ይነካል።

በሩ ሳይከፈት ሲቀርስ? ይህ ከማንኛውም ነገር በላይ በጽሑፍ መኖር አለበት። ፈቃደኛው አንኳኩቶ ይደውላል፤ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ይደግማል፤ በመስኮትና በበሩ ሥር የተለየ ነገር እንዳለ ያያል፤ ለአስተባባሪው ያሳውቃል፤ አስተባባሪው በመዝገቡ ላይ ወዳለው የቅርብ ሰው ይደውላል፤ እሱም ካልተገኘ ወይም ሰውየው የመውደቅ ታሪክ ካለው ወደ ድንገተኛ አገልግሎት ይደወላል። ይህ ቅደም ተከተል ካልተጻፈ ፈቃደኛው «ወጥቶ ይሆናል» ብሎ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ሰውየው ወጥቶ ነው። ወለል ላይ ወድቆ የተገኘ ቀን ግን ያ ግምት ሰዓታት ያባክናል።

ማጣሪያን በተመለከተ ጸሐፊው የወንጀል መዝገብ ምርመራ ብዙ አይጠቅምም ማለታቸው ግማሽ እውነት ነው። ምርመራው የሚያሳየው ተይዞ የተመዘገበውን ብቻ ነው። ሆኖም ሕግ በሚያዝበት ቦታ አይዘለልም። ከእሱ ጋር የሚሄደው ርካሽ ማጣሪያ አመልካቹን ከሚያውቁ ከሁለት ዋቢ ሰዎች ጋር በስልክ መነጋገር ነው። የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ሁሉንም ያመሰግናል፤ ስልክ ግን ድምፅ አለው። «ይህን ሰው ከአረጋዊት እናትዎ ጋር ቤት ውስጥ ብቻውን ይተዉታል?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችው ዝምታ ብዙ ትናገራለች። ማጣሪያ በመግቢያው ቀን እንዳያበቃ ደግሞ አስተባባሪው በወሩ ውስጥ፣ ፈቃደኛው በሌለበት፣ ለተገልጋዩ ደውሎ እንዴት እንደሆነ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ነጥብ የቁጥር ነው። ጸሐፊው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ የዓለም የበጎ ፈቃደኞች ቀን ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በተሰየመው ዲሴምበር 5 ቀን 200 ሰው በአንዴ መዝግቡ ይላሉ። ተረቱ ስለ ሸክም ልክ ነው። ሎሚው ማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደሚደርስና ማን እንደሚረከበው ግን አይናገርም፤ የአስተባባሪው ሥራ ደግሞ ይህ ነው።

እስቲ እናስላው። ለ200 ሰው የግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ቢደረግ 100 ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ዋቢዎች ቢደወልና አንዱ ጥሪ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ሌላ 100 ሰዓት። በሳምንት 40 ሰዓት ሌላ ሥራ ሳይነካ የሚሠራ አንድ ሰው አምስት ሳምንት ሙሉ መዝጋቢ ብቻ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ውስጥ የተመዘገበው ሰው ስልክ እየጠበቀ ይቀዘቅዛል። አንዴ የቀዘቀዘ ፈቃደኛን ከመመለስ አዲስ መፈለግ ይቀላል።

ከዚያ ደግሞ ሥራው። በሳምንት አንድ አንድ ጊዜ የሚጎበኙ 40 ቤቶች አሉ እንበል። አርባ ጉብኝት ለ200 ሰው ሲደለደል አንዱ ሰው ተራው የሚደርሰው በአምስት ሳምንት አንዴ ነው። በአምስት ሳምንት አንዴ የሚመጣ ተራ ይረሳል። ከተጎብኚው ወገን ሲታይ ደግሞ በአምስት ሳምንት ውስጥ አምስት የማያውቃቸው ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ አምስት ጊዜ ስሙን፣ ሕመሙን፣ የቤተሰቡን ነገር ከሥሩ ጀምሮ አስረድቷል። ከዚህ የሚብሰው ጉዳት ግን አይታይም። ሰውየው መክሳቱን፣ እጁ መንቀጥቀጥ መጀመሩን፣ ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች መከመራቸውን የሚያስተውለው ባለፈው ሳምንት የመጣ ሰው ብቻ ነው። ለአዲስ ሰው ሁሉም ነገር «እንዲሁ የነበረ» ነው። የጉብኝት ትልቁ ጥቅም ለውጥን ቀድሞ ማየት ስለሆነ፣ ፊት በተቀያየረ ቁጥር ጥቅሙ ያልቃል።

ታዲያ ስንት ሰው ያስፈልጋል? ጉብኝቱ 45 ደቂቃ፣ መንገዱ 20፣ ማስታወሻ መጻፉ 10፤ ድምሩ 75 ደቂቃ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሰጥ ሰው ሁለት ቤት ይይዛል፤ ለ40 ቤት 20 ሰው። በሕመም፣ በፈተና ወይም በልጅ መታመም ምክንያት በየሳምንቱ ከአምስት ሰው አንዱ ይቀራል ብሎ ማቀድ ደግሞ ያስተማምናል፤ ስለዚህ 25፦ 20 ቋሚና 5 ተጠባባቂ። እያንዳንዱ ተጠባባቂ ስምንት ቤት ይመደብለታል፤ ለመተካት ሳይጠራ በፊትም ከቋሚው ጋር አንድ አንድ ጊዜ ሄዶ ይተዋወቃል። የተረፉት 175 ሰዎች አይባረሩም። ዕቃ መለየት፣ መጫን፣ ግቢ ማጽዳት፣ አንድ ቀን ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ብዛትን ይወዳል፤ እዚያ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። እዚያም ቢሆን ለስምንት ሰው ያህል አንድ መሪ ካልተመደበ፣ አስሩ ሲሠሩ ሠላሳው ምን እንሥራ እያሉ ይቆማሉ።

ወጪ የለውም ስለሚለው ነጥብ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ያንኑ 25 ሰው ይዘን መደመር ነው። ለእያንዳንዱ በሳምንት የአሥር ደቂቃ ስልክ ቢደወል 250 ደቂቃ፣ ማለትም ከአራት ሰዓት በላይ። ፕሮግራም ማውጣት ሁለት ሰዓት፣ የቀረን ሰው መተካት ሁለት ሰዓት፣ ማስታወሻዎችን ማንበብ ሁለት ሰዓት፣ አዲስ ጥያቄና ቅሬታ አንድ ሰዓት። በትንሹ 11 ሰዓት ሆነ፤ ይህ ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያልፋል። ይህን ሰዓት አንድ ሰው ከእንቅልፉ ወይም ከእንጀራው እየቀነሰ ይከፍለዋል፤ ያ ሰው ሲደክም አገልግሎቱ በአንድ ሳምንት ይቆማል። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው ፈቃደኛ አጥቶ ሳይሆን አስተባባሪው ዝሎ ነው። የአስተባባሪ ክፍያ ማግኘት ባይቻል ሥራውን ለሁለት መክፈል ይቻላል፦ አንዱ ከፈቃደኞች ጋር፣ ሌላው ከተገልጋዮች ጋር። መዝገቡ ግን አንድ ይሁን፤ ሁለቱም በማንኛውም ቀን ሊከፍቱት ይቻላቸው።

የትራንስፖርት ወጪ መተካት በጎ ፈቃድን ወደ ቅጥር ይለውጣል የሚለው የጸሐፊው ስጋት በከፊል መሠረት አለው። የወጣውን በደረሰኝ መመለስ ክፍያ አይባልም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የበጎ ፈቃድ ሥራን ለመለካት ባወጣው መመሪያም ፈቃደኛ ያወጣውን ወጪ ቢመለስለት በጎ ፈቃደኛነቱ አይቀርም። አደናጋሪው ከእውነተኛው ወጪ በላይ የሆነ፣ ደረሰኝ የማይጠየቅበት ቁርጥ አበል ነው፤ እሱ ደመወዝ መምሰል ይጀምራል፣ ሲቋረጥም ሰው ይቀራል። ምንም አለመመለስ ደግሞ ሌላ ውጤት አለው፤ የራሱ መኪና ያለው ብቻ ፈቃደኛ ይሆናል፣ የተገልጋዩን ኑሮ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ግን በኪሱ ምክንያት ይቀራል።

የተለገሰ አይመለስም የሚለው ከሁሉም በላይ አደገኛው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 በነበረው ጊዜ ለቦስኒያና ሄርዞጎቪና ከተለገሰው መድኃኒት ውስጥ 17,000 ቶን የሚገመተው ለምንም የማይሆን ነበር፤ ጊዜው ያለፈበት፣ ያልተጠየቀ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ባወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ላይ የተለገሰ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃል። የአካባቢ ድጋፍ ማኅበር ግን ይህንንም ማስላት የለበትም፤ ከግለሰብ መድኃኒት ጨርሶ አይቀበልም።

ምግብም የራሱ ሕግ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይያዛል። ምግብ ከሚበስልበት ቤት እስከ ተቀባዩ ጠረጴዛ ያለውን ሰዓት ደምሩት፤ ለጋሹ ቤት አንድ ሰዓት፣ ማከፋፈያው ላይ 40 ደቂቃ፣ በመንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ከሆነ አልፏል። ቴርሞሜትርና ሙቀት የሚጠብቅ ሣጥን የሌለው ቡድን ደረቅና የታሸገ ምግብ ላይ ይወሰን። በማሸጊያ ላይም «እስከዚህ ቀን ይብሉ» እና «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚሉት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው የደኅንነት ነው፣ አይታለፍም፤ ሁለተኛው የጣዕምና የጥራት ነው። መደርደሪያው ላይ ቶሎ የሚያልፈው ከፊት ይደረጋል፤ ካልተደረገ አዲሱ እየወጣ አሮጌው ከኋላ ይበሰብሳል።

ጸሐፊው የሕፃናት ዱቄት ወተት በገፍ እንዲሰበሰብ መምከራቸው ደግሞ መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ጤና ጉባኤ የጸደቀው የጡት ወተት ተተኪዎች የገበያ ደንብ ልገሳን በጥንቃቄ የያዘው በምክንያት ነው። የምታጠባ እናት ዱቄቱን ስትጀምር የጡቷ ወተት ይቀንሳል፤ ልገሳው ሲያልቅ ሁለቱም የሉም። ዱቄቱ ከጀርም ነጻ ስላልሆነ ቢያንስ 70 ዲግሪ በሆነ ውኃ መበጥበጥና ከመመገብ በፊት መቀዝቀዝ አለበት፤ ንጹሕ ውኃና ውኃ ማፍያ ዕቃ የሌለበት ቤት ይህን አይችልም። በልገሳ ክምር ውስጥ ዱቄቱ ቢገኝ ወደ ጤና ባለሙያ ይተላለፋል፤ በአጠቃላይ ማከፋፈያ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

ልብስስ? አንድ ከረጢት ለመለየት 20 ደቂቃ ቢፈጅ 90 ከረጢት 30 የሰው ሰዓት ይበላል። ያ ጊዜ ከላይ ባሰላነው መሠረት 24 ቤት ይጎበኝ ነበር። ስለዚህ እምቢ ማለት ሥራ ነው፤ ሲደረግም በጨዋ መንገድ ይሁን፦ የሚፈለጉ አሥር ነገሮች ከነመጠናቸው፣ የማንቀበላቸው አምስት ነገሮች፣ በየሳምንቱ የሚታደስ አንድ ገጽ ወረቀት በር ላይ ይለጠፍ። ለጋሽ የሚያኮርፈው ምክንያት ሳይነገረው ዕቃው ሲመለስበት ነው።

አምስተኛው፣ መመዝገብ ማዋረድ ነው የሚለው። ባለ አምስት ገጽ ቅጽና የድህነት ማረጋገጫ ለሚጠይቁ አገልግሎቶች ወቀሳው ይገባቸዋል። ጨርሶ አለመጠየቅ ግን የሚያዋርድ ሌላ ነገር ይወልዳል፤ አለርጂ ላለበት ሰው የማይበላውን መስጠት፣ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ከበድ ያለ ሣጥን ታች ትቶ መሄድ። የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ሊጠራበት የሚፈልገው ስም፣ የሚገኝበት መንገድና ለመደወል የሚመቸው ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ቁጥር፣ የማይበላው፣ ለመንቀሳቀስ የሚያስቸግረው፣ ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው። ከዚህ የዘለለ ጥያቄ «መልሱ ምን ይቀይራል?» ተብሎ ይፈተን፤ ምንም ካልቀየረ ይሰረዝ። የስልኩን ጉዳይ አትናቁት፤ አንዳንዱ ሰው ድጋፍ መጠየቁን አብሮት የሚኖረው እንዲያውቅ አይፈልግም፣ ስለዚህ መልእክት መተው ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ።

ከጥያቄ ይልቅ ሰውን የሚያዋርደው አደባባይ ላይ የተዘረጋ ሰልፍ ነው፤ ጽሑፉ ይህን አላነሣውም። ሦስት ጠረጴዛ አለ፣ አንድ ቤተሰብ ለማስተናገድ አምስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በሰዓት 36 ቤተሰብ ነው። 60 ቤተሰብ ሁሉ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ና ከተባለ የመጨረሻው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያው 60 ቤተሰብ በየሩብ ሰዓቱ ስምንት ስምንት ሆኖ ቢጠራ ሁሉም በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ጠረጴዛዎቹ በሩብ ሰዓት ዘጠኝ ስለሚያስተናግዱ ለዘገየ ሰው አንድ ቦታ ይተርፋል፣ ሰልፍም አይኖርም። ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ነው። ስጦታ ሲቀበል ፎቶ ማንሣት ደግሞ አይደረግም። ርዳታ ለመውሰድ በቆመ ሰው ዘንድ «ፈቃድዎ ነው?» ማለት እውነተኛ ጥያቄ ሊሆን አይችልም፤ እምቢ ቢል የሚቀርበት ይመስለዋል።

ስድስተኛው የሰዓት ቆጠራ ነው። ከላይ የጠቀስነው የዓለም የሥራ ድርጅት መመሪያ ሰዓት የሚቆጥረው አገሮች የበጎ ፈቃድ ሥራን በኢኮኖሚያቸው ውስጥ እንዲያዩት ነው፤ ለዚያ ዓላማ ልክ ነው። ለአንድ የአካባቢ አገልግሎት ግን ሰዓት ብቻውን አሳሳች ነው፤ ልብስ ሲለይ የባከነው 30 ሰዓትም እንደ ስኬት ይመዘገባል። በወሩ መጨረሻ አራት ቁጥር ይበቃል፦ ከታቀደው ጉብኝት ስንቱ ተደረገ፣ አዲስ ጠያቂ እስከ መጀመሪያው ጉብኝት ስንት ቀን ጠበቀ፣ ስንት ፈቃደኛ ለቀቀ፣ ስንት ቅሬታ መጣ። ቅሬታ ዜሮ ከሆነ አትደሰቱ፤ ምናልባት የሚቀበል ሰው የለም፣ ወይም ቅሬታ የሚቀርብለት ያው የሚመጣው ፈቃደኛ ነው።

ነገውኑ ጀምሩ ለሚለው፦ ነገ መጀመር ይቻላል፣ በአምስት ቤት። ሦስት ፈቃደኛ፣ አንድ ተጠባባቂ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ስልክ፣ ስድስት ሳምንት። ለአምስቱም ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሳምንት መሆኑ ይነገራቸው፤ መጨረሻው ያልተነገረ አገልግሎት ሲቆም እንደ መካድ ይቆጠራል። በአራተኛው ሳምንት ላይ ከታቀዱት 20 ጉብኝቶች ቢያንስ 18ቱ ተደርገው እንደሆነ ይታያል። ተደርገው ከሆነ ሌላ አምስት ቤት ይጨመራል። ካልሆነ አይጨመርም፤ ማን፣ የትኛውን ቀን፣ ለምን እንደቀረ ይጣራል፤ ለአምስቱም ቤት ተደውሎ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ማን እንደሚመጣ ወይም ወደየትኛው ሌላ አገልግሎት እንደሚተላለፉ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገራቸዋል።